በኤዶ ፋዱማ አንገት ላይ የነበረው መስፍን

የኤዶ ፋዱማን ሞት የነገረኝ ከድሬ ዳዋ የመጣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። አዲስ አበባ ጣቢያ ወርዶ ስለ ሙቀቱና ስለ ባቡሩ መዘግየት ሲያወራኝ ከቆየ በኋላ፣ ድንገት ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ «ያቺ ጀርመንኛ የምትናገረው ባለ ሻይ ቤት ሴትዮ አለች አይደል? ባለፈው ማክሰኞ ቀበሯት» አለኝና ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። ምን ያህል እንደምንቀራረብ አያውቅም ነበር። ቢሮዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ቴሌግራም ደጋግሜ ባነበውም አልገባኝ አለ። ከድሬ ዳዋ ከተዛወርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። በየዓመቱ ፈቃድ ስወጣ ሄጄ አያታለሁ እያልኩ፣ በየዓመቱ አንድ ምክንያት እየተገኘ ቀርቻለሁ። አሁን የቀረኝ ስለ እሷ የማውቀውን መጻፍ ብቻ ነው።

ድሬ ዳዋ የገባሁት ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በባቡር ጣቢያው ቴሌግራፍ ክፍል ተቀጥሬ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምሬ ወጥቻለሁ፤ የዓለምን ካርታ በቃሌ እወርደዋለሁ፤ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም። የፋዱማ ሻይ ቤት ከጣቢያው ፊት ለፊት ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሰሌን ግድግዳ፣ አራት አግዳሚ ወንበር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ተሸካሚውም፣ የባቡር ነጂውም፣ ከጅቡቲ ጨርቅ የሚያመላልሱት ነጋዴ ሴቶችም የሚጠሯት እንዲሁ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ባደግኩበት ልማድ፣ «እርስዎ» ብዬ ሻይ አዘዝኩ። ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

«ዋርያ፣ ምን በደልኩህ?» አለችኝ።

«ምንም አልበደሉኝም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን እንደ ባዕድ ታርቀኛለህ? እዚህ ድሬ ነው። አንቺ በለኝ።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት፤ እሷም ስሜን ትታ «ቴሌግራፍ» አለችኝ።

ረጅምና ቀጭን ሴት ነበረች። ዕድሜዋን ራሷም በትክክል አታውቀውም፤ ወደ ሃምሳ እንደምትጠጋ እንገምታለን። ሻይ ስታድል ብርጭቆዎቹን የምትቆጥረው በጀርመንኛ ነው፤ «አይንስ፣ ጽቫይ፣ ድራይ» ትላለች። የጣቢያው ሰው ይህን ከአንድ መርከበኛ የለቀመችው ቀልድ አድርጎ ይወስደዋል፤ እሷም አታስተባብልም። በአንገቷ ላይ በጥቁር የቆዳ ክር የታሰረ አንድ የወርቅ ሳንቲም አለ፤ በአንድ ገጹ ንስር፣ በሌላው በጎን የሚታይ የሰው ራስ። ሰው ሲያወራት አውራ ጣቷን ሳንቲሙ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ታሸዋለች። ጣቷ ከቆመ የነገርካትን አላመነችም ማለት ነው። እኔ በሽቦ የመጣ ወሬ ስነግራት ጣቷ ብዙ ጊዜ ይቆም ነበር። ንግግሬ ሲፈጥንባት ደግሞ፣ «ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ እኔ የምሳፈርበት ባቡር የለኝም» ትለኛለች።

አንድ የሚገርመኝ ልማድ ነበራት። ከባቡር የወረደ ወይም ለመሳፈር የሚጠብቅ ትንሽ ልጅ ካየች ጠርታ ቴምር ትሰጠዋለች። ከመስጠቷ በፊት ግን የመጣበትን አገር ስም ትጠይቀዋለች። ልጁ ካላወቀ እናቱን ጠይቃ ስሙን ታስጠናዋለች፤ ሦስት ጊዜ አስተካክሎ ሳይጠራ አትለቀውም። ወላጆች ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹም ይሰለቻሉ። አንድ ቀን በባቡር መግቢያ ግርግር አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ጠፋች። ቆይቶ ፖሊሶች በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አገኟት። የአባቷን ስም ሲጠይቋት ከማልቀስ በቀር መልስ የላትም፤ «ዋሂል፣ ዋሂል» ብቻ ትላለች። ለካ ጠዋት ከፋዱማ ቴምር የበላች ልጅ ናት። ወደ ዋሂል የሚሄደው መኪና የሚነሳበት ቦታ ወስደዋት፣ እየጮኹ ከሚፈልጓት ወላጆቿ ጋር አገናኟት። ፋዱማ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም፤ አልተኩራራችምም። «ስሙን አወቀች፣ ተገኘች» ብላ ወደ ምድጃዋ ዞረች።

ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ያህል ሲሆነን፣ ባቡር በዘገየበት አንድ ረፋድ፣ ሻይ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የፈረንጅ ፊደል በደንብ አነብ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በደንብ አልኳት። ሳንቲሙ ላይ የተጻፈውን እንዳነብላት ፈለገች። ስጪኝ ብዬ እጄን ስዘረጋ ራሷን ነቀነቀች። ከአንገቷ አውልቃው አታውቅም፤ በጦርነቱ ጊዜ በየመንገዱ ፍተሻ ሲበዛ በጠጉሯ ጉንጉን ውስጥ ከደበቀችው በቀር ከቦታው ተለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ወደ እኔ ጎንበስ አለችልኝ፤ እኔም ከአገጯ ሥር ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ሳንቲሙ ከላይ በኩል ሰፊ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፤ ብየዳውም የጽሑፉን መካከል ሸፍኖታል። በግራ በኩል የሰው ስም የሚመስል ነገር አለ። በቀኝ፣ ወደ ታች ያለው ክፍል በጣቷ ብዛት ተሽቶ ጠፍቷል። ጥርት ብሎ የሚነበበው ከብየዳው ቀጥሎ ያለው «ቡርግ» የሚለው ብቻ ነው።

«ሐምቡርግ ነው» አልኳት። አላመነታሁም። በጀርመን አገር በቡርግ የሚያልቅ ሌላ ስም ሊኖር እንደሚችል ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ፋዱማ ከአግዳሚው ተንሸራትታ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሐምቡርግ» አለች። ደገመችው። በሦስተኛው እንደ እኔ አስተካክላ ጠራችው። ከዚያ በኋላ ነው ለማንም ያልነገረችውን የነገረችኝ።

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ አንድ ነጭ ነጋዴ ጅቡቲ መጥቶ ሰው ይመለምል ነበር። ሥራው ጀርመን አገር ሄዶ ጎጆ መትከል፣ ግመል ማለብ፣ መጨፈር፣ ጦር መወርወር ነው ተባለ። አባቷ ግመል ነጂ ነው፤ እዚህ የሚኖረውን ኑሮ እዚያ ሄዶ ለመኖር ለምን እንደሚከፈለው ባይገባውም ተስማማ። እናቷ አራስ ስለነበረች ቀረች። አባትየው ፋዱማንና የአምስት ዓመቱን ወንድሟን ሮብሌን ይዞ፣ ከሌሎች ቤተሰቦች፣ ከግመሎችና ከፍየሎች ጋር በመርከብ ሄደ። በየከተማው መናፈሻ ውስጥ አጥር ይታጠራል፤ የሰሌን ጎጆዎች ይተከላሉ፤ የከተማው ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባና እነሱ ሲበሉ፣ ሲሰግዱ፣ ጠጉር ሲጎነጎኑ ቆሞ ያያል። «እነሱ እኛን ያያሉ፣ እኛ እነሱን እናያለን» አለችኝ። «ትኬት መቁረጥ ያለበት ማን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

ከከተሞቹ ሁሉ ትንሿ፣ በውሃ የተከበበ ትልቅ ቤት ያለባት ነበረች፤ በውሃው ላይ ዳክዬዎች ይዋኛሉ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ባርኔጣውን የሚያነሳለት ሰውዬ ሊያያቸው መጣ። ልጆቹ ወደ ጎጆ ሲሸሹ ሮብሌ ቀጥ ብሎ ሄዶ የሰውዬውን በትር ያዘ። ሰውዬው ሳቀና ከኪሱ አንድ ወርቅ አውጥቶ ሰጠው። ሮብሌ ወርቁን አየ፤ ሰውዬውን አየ፤ እንደገና ወርቁን አየ። ከዚያ ወደ እህቱ ሮጦ፣ ሰውዬው ሁለት ነው፣ ትንሹን ለእኔ ሰጠኝ አላት። ልብሱ መቋጠሪያ ስላልነበረው ያዢልኝ ብሎ ሰጣት።

በዚያው ሳምንት ብርድ ገባና ሮብሌ ማሳል ጀመረ። በአምስተኛው ቀን ሞተ። አባቷና ሌሎች ወንዶች አጥበው፣ ሰግደውበት፣ በከተማዋ መካነ መቃብር አንድ ጥግ ቀበሩት። በማግስቱ ባቡሩ ወደ ሌላ ከተማ ወሰዳቸው። አገራቸው ሲመለሱ እናቷ የጠየቀችው የት እንደተቀበረ ነው። አባትየው ጀርመን አላት። ጀርመን የት? ብትለው የከተማዋን ስም አያውቀውም፤ ፋዱማም አታውቀውም። ያዩት ከተማ ከደርዘን በላይ ነበር። እናትየዋ ግን እስክትሞት ድረስ መጠየቋን አላቆመችም። ሲመሽባት፣ ስትታመም፣ እህል ስትፈጭ፣ ድንገት ቀና ብላ፣ «የት አስቀመጣችሁት?» ትላታለች። ፋዱማ ስታድግ ሳንቲሙን ለአንድ አንጥረኛ ሰጥታ ማንጠልጠያ አስበየደችበት። ያዢልኝ ብሏታልና ያዘችው።

ይህን ሰምቼ የተሰማኝ ኩራት ነው። ለሃያ ዓመት እናትን ያንገበገበ፣ ከዚያም ወደ ልጅ የተላለፈ ጥያቄ በአንድ እይታ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ፋዱማ በዚያ ሳምንት ጁምዓ ፍየል አርዳ ደሃ አበላች። ለጣቢያው ሰው ሁሉ ወንድሟ ሐምቡርግ መሆኑን ነገረች።

አንድ ልጇ አብዲ ከጅቡቲ በሚነሱ መርከቦች ላይ እሳት ቆስቋሽ ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄድ መርከብ ሲያገኝ አጎቱን እንዲፈልግ ለመነችው። እኔም የሚያሳየውን ወረቀት በፈረንሳይኛ ጻፍኩለት። ዓመት ሳይሞላ መርከቡ ሐምቡርግ ደረሰ። ከተማዋ ከጦርነቱ ገና አላገገመችም፤ መካነ መቃብሯ ደግሞ ራሱ ከተማ የሚያክል ነው። አብዲ ሦስት ቀን ወረቀቱን እያሳየ ዞረ። መዝገብ ጠባቂዎች ከልባቸው ፈለጉለት፤ ስሙ የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር ብቻ ልጨምር፣ አንድ ጥግ ብቻ ልይ ሲል ቆይቶ ወደብ ሲደርስ መርከቡ ሄዷል። ከወደብ ወደ ወደብ ሲላክ ዘጠኝ ወር ፈጅቶ ተመለሰ። መርከብ ያመለጠው ሰው ተብሎ ሁለተኛ ማንም አልቀጠረውም። ያጫት ልጅ ቤተሰቦችም ሥራ እስክትይዝ ቆይ አሉት። እሱም እዚያው ጣቢያችን ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። እኔ በልቤ ያልኩት፣ ከተማው ሰፊ ስለሆነ ነው የሚል ነበር። የኔ ንባብ ስህተት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

እንዲህ እያለ ሐምቡርግ ካልኳት ስምንት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ፋዱማ ቢሮዬ ድረስ መጣች፤ ያን ከማድረግ ትቆጠብ ነበር። የሳንቲሙ ማንጠልጠያ ሳስቶ ሊበጠስ ነው። ከዚራ በሚባለው ሠፈር ወዳለው አርመናዊ ወርቅ ሠሪ፣ ሙሴ አርቲን ወደሚባለው፣ ልትወስደው ነው፤ ሲሠራው አጠገቡ ቆሜ እንዳይለት ፈለገች። ሰውየውን ጠርጥራ አይደለም፤ ከዓይኗ ቢጠፋባት የኔ ዓይን እንዲኖር ነው።

አርቲን ሽማግሌ ነው፤ ድሬ ዳዋ ውስጥ በሴቶች አንገት ያለው ወርቅ ግማሹ በእጁ ያለፈ ነው ይባላል። ክሩን ሳታወልቅ ሳንቲሙን በማጉያ መነጽር አየው። ፊቱን ቅጭም አድርጎ እንደገና አየው። የጀርመን ወርቅ ብዙ አቅልጫለሁ፣ የፕሩሲያ አለ፣ የባቫሪያ አለ፣ የሳክሶኒ አለ፤ ይህን ሰው ግን አይቼው አላውቅም አለ። ፋዱማ ኮራ ብላ የሐምቡርግ መሆኑን ነገረችው።

አርቲን ቀና አለ። «ሐምቡርግ? ሐምቡርግ ንጉሥ የላትም፣ መስፍንም የላትም። ነጋዴዎች የሚያስተዳድሯት ከተማ ነበረች። የሷ ወርቅ ላይ ግንብ ነው ያለው፣ ሦስት ማማ ያለው ግንብ። የሰው ራስ የለበትም።»

አርቲን ማስረዳቱን ቀጠለ። በዚያን ዘመን ጀርመን አንድ ንጉሠ ነገሥት ቢኖራትም በሥሩ ሃያ ከሚበልጡ ነገሥታትና መሳፍንት ነበሩ። አንዳንዱ መስፍን ግዛቱ ከመጥበቡ የተነሳ በባቡር ሲያልፉት ሻይ ጠጥቶ ለመጨረስ አይበቃም። ቢሆንም የራሱን መልክ በወርቅ የማሳተም መብት ነበረው፤ በጀርባው እንደሌሎቹ ሁሉ ንስሩን ካደረገ በቂ ነው። ትናንሾቹ መሳፍንት ያሳተሙት ጥቂት ነው፤ ለመገበያየት ሳይሆን ለክብራቸው። ይህም ከእነሱ የአንዱ ነው። የግዛቱ ስም ያለው ከብየዳው ሥር ነው፤ በእሳት ማንሳት ይቻላል አለ።

የፋዱማ አውራ ጣት ሳንቲሙ ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ማጅራቷ ወስዳ የቆዳውን ክር ፈታችና ሳንቲሙን በአርቲን መዳፍ ላይ አስቀመጠች። አንገቷ ላይ ክሩ የነበረበት ቦታ ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ታየ።

አርቲን በነሐስ ቧንቧ ነበልባሉን እየነፋ ብየዳውን አሞቀው። ማንጠልጠያው ሲላቀቅ በመቆንጠጫ አነሳው፤ ሳንቲሙን ከአሲድ ውስጥ ነክሮ አወጣና አጥቦ ጠረገው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ጊዜ አየር ያልነካቸው ፊደላት እንደ አዲስ ነበሩ። ማጉያውን ለኔ ሰጠኝ። አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ በጣቷ የታሸውንም አርቲን በብርሃን እያዘነበለ አሳየኝ። ሻውምቡርግ-ሊፔ ይላል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት። «አብዲ ሥራውን ያጣው በኔ ምክንያት ነው።»

ፋዱማ አላየችኝም፤ የምታየው ሳንቲሙን ነው። «ያየኸውን አነበብክ» አለች። «ያላየኸውን ግን ከራስህ ጨመርክበት።» ቀጥላም፣ «እኔ ለሮብሌ ዱዓ ሳደርግ ስምንት ዓመት ሐምቡርግ እያልኩ ነው። አላህ አድራሻ ተሳስተሻል ብሎ አይመልስም። አብዲን ግን አንተው ራስህ ንገረው» አለችኝ።

በዚያው ቀን ነገርኩት። በጣቢያው መጋዘን ጥላ ሥር የቡና ጆንያ ተሸክሞ ነበር። የምለውን ሁሉ እንደተሸከመ ሰማኝ። ስጨርስ ጆንያውን ወስዶ ቦታው ላይ አስቀመጠ፤ ተመልሶም በአጠገቤ አልፎ ሌላ ጆንያ ሊያነሳ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት አላናገረኝም። ሰላም ስለው ራሱን ነቅንቆ ይመልሳል፤ ቃል ግን የለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሄጄ ትልቁን የፈረንሳይኛ መዝገበ ዕውቀት ገለጥኩ። የሻውምቡርግ-ሊፔ መስፍንነት ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀርቷል፤ ግዛቱ ግን አለ፤ መሳፍንቱ የኖሩባት ከተማም አለች፤ ቤተ መንግሥቷም በውሃ የተከበበ ነው። ያነበብኩትን አንድ የቆየ መምህሬ እንዲያይልኝ አድርጌ፣ እሱም ትክክል ነው ካለኝ በኋላ ለፋዱማ ነገርኳት። ዳክዬ እንዳለበት ይላል? ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ዳክዬ አይልም አልኳት። «ሀዬ፣ አሁን እውነት ነው፤ የሌለውን አልጨመርክም» አለች።

ደብዳቤውን ለከተማዋ የመቃብር መዝገብ ጠባቂ ጻፍን። የሮብሌን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የብርዱን ወቅት፣ በትሩን የያዘበትን ሰውዬ፣ ሁሉንም እሷ ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩ። አምስት ወር ቆይቶ መልስ መጣ። የተጻፈው በጀርመንኛ ነው። እኔ ፊደሉን አውቃለሁ፤ ቋንቋውን አላውቅም። እሷ ማንበብ አትችልም፤ በልጅነቷ የለቀመቻቸው ቃላት ግን አሁንም ውስጧ አሉ። ስለዚህ ሻይ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን እኔ የማላውቀውን ቋንቋ ድምፅ እያወጣሁ እጠራለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። «ኪንት» ስል እጇን አነሳች፤ ልጅ ማለት ነው። «ክላይን» ስል፣ ትንሽ። «ማወር» ስል ግድግዳ አለች። «ግራስ» ስል ሣር አለች። ሮብሌ የሚለው ስም ላይ ስደርስ ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ እኔም ማንበቤን አቆምኩ።

የቀረውን በማግስቱ አንድ ጀርመንኛ የሚያውቅ የፋርማሲ ባለቤት ተረጎመልን። ጸሐፊው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ጠባቂ ነው። በአሮጌው መዝገብ ውስጥ ሮብሌ የሚባል፣ ከሶማሌ አገር የመጣ፣ የአምስት ዓመት ልጅ በሳንባ ምች ሞቶ በሰሜን በኩል ከግድግዳው ሥር መቀበሩን አግኝቷል። ምልክቱ ዛሬ የለም፤ ቦታው ሣር ሆኗል፤ ማንም ግን አልተቀበረበትም። ከዚያም እንዲህ የሚል ጨምሮበት ነበር። «እናቴ በዚያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቀብሩን በግድግዳው ላይ ሆና አይታለች፤ አንዲት ነጭ ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ልጅ አፈሩን ይዛ አልለቅም ስላለች አባቷ ተሸክሞ ሲወስዳት እስከ ዕለተ ሞቷ ታስታውስ ነበር፤ ያቺ ልጅ እርስዎ ከሆኑ እናቴ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።»

የፋርማሲው ባለቤት መነጽሩን አወለቀ። ፋዱማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሟ ማነው? የእናቱን ስም ጠይቅልኝ።»

ጻፍኩለት። ሄርታ ትባል ነበር።

ሳንቲሙን አርቲን እንደገና ሲሠራው፣ ፊደላቱን እንዳይነካባት አስጠንቅቃው ስለነበር፣ ዙሪያውን ቀጭን የወርቅ ክፈፍ አበጅቶ ማንጠልጠያውን ክፈፉ ላይ አደረገው። እሷ ግን ወደ አንገቷ አልመለሰችውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዲን ጠራችው፤ እኔም እንድቀመጥ በዓይኗ ነገረችኝ። ሳንቲሙን አውጥታ ለአብዲ ሰጠችው፤ ላጫትና ለሚጠብቃት ልጅ መህር፣ የጋብቻ ስጦታ፣ እንዲያደርገው። አብዲ እጁን ሰበሰበ። ይህ የሷ እንጂ የሱ እንዳልሆነ፣ ስትራብም ያልሸጠችው እንደሆነ ነገራት።

«ከኔ መቼ ነው?» አለችው። «ያንተ አጎት ነው የሰጠህ። አጎት ለሠርግ ይሰጣል። እስከ ዛሬ የት እንዳለ ስላላወቅን ነው የዘገየው።»

አብዲ ተቀበላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ከወራት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረኝ፤ ለሠርጉ እንድመጣ።

ከሠርጉ በፊት ግን ፋዱማ አንድ ጉዳይ ነበራት። እናቷ የተቀበረችው ወደ ሁርሶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከብቶች በሚውሉበት ሜዳ ላይ ነው። ስንቅ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ለምነን ሦስታችን፣ እሷ፣ አብዲና እኔ፣ ጠዋት ሄድን። ሹፌሩ ዕቃ አራግፎ ሲመለስ ሊወስደን ተስማማ። መቃብሩ የድንጋይ ክምር ነው፤ ዙሪያው እሾህ ነው፤ አንድ ሁለት ፍየሎች ከቁጥቋጦው ቅጠል ይቀነጥሳሉ። ፋዱማ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ በሶማሊኛ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። አብዲ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔ የተረዳሁት የሮብሌን ስምና ሻውምቡርግ የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱን ሦስት ጊዜ አስተካክላ ጠራችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቴሌግራፍ፣ ደብዳቤውን አንብብላት። እንደመጣው አንብበው፣ በነሱ አፍ።»

ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ነፋሱ ወረቀቱን ይመታዋል። ቋንቋውን ባላውቅም ትርጉሙን በቃሌ ይዤው ስለነበር የት ቦታ ምን እንደሚል አውቃለሁ። አንድ ቃል ሳበላሽ ፋዱማ ራሷን ሳታነሳ ታርመኛለች፤ አርሜ እቀጥላለሁ። ግድግዳውን አነበብኩ፤ ሣሩን አነበብኩ፤ አፈሩን አልለቅም ያለችውን ልጅ አነበብኩ። እዚያ ስደርስ ቆምኩ፤ እሷም አልቸኮለችብኝም። እስክቀጥል ድረስ ጠበቀችኝ።

ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍኩት። ፋዱማ መዳፏን በድንጋዩ ላይ አደረገች።

«ሰማች» አለች። ተነሥታ ከቀሚሷ ላይ አቧራውን አራገፈችና፣ መኪናው ጥሎን እንዳይሄድ ቶሎ በሉ አለችን።